እንዶድ በላቦራቶሪ ሚዛን፦ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሕይወት

መምህር ሳለን ከተማሪዎቻችን ደጋግመን የምንሰማው ነገር ነበር፤ ክኒን ኬሚካል ስለሆነ ይጎዳል፣ ቅጠል ግን የአላህ ፍጥረት ስለሆነ አይጎዳም የሚል። ዛሬም አሶሳ ውስጥ እንዲህ የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ይህን ስንሰማ ትዝ የሚሉን ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

አክሊሉ በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ሳይንቲስት ነበሩ። በ1964 (እ.ኤ.አ.) ዓድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ቀንድ አውጣው ከሞተ የበሽታው መንገድ ተቆረጠ ማለት ነው። ያውም ከውጭ በውድ በሚገዛ ኬሚካል ሳይሆን እናቶቻችን በሚያውቁት ፍሬ።

ዓለም አቀፍ ተቋማት ግን እንዶድ ለሰውና ለእንስሳት ጉዳት እንደሌለው ደረጃውን በጠበቀ ላቦራቶሪ ይረጋገጥ አሉ። እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ አገራችን ውስጥ አልነበረም፤ ነገሩ ከሃያ ዓመት በላይ ተጓተተ። አክሊሉ በዚህ እጅግ አዝነዋል፤ የድሃ አገር ምሁር ሥራ እንደሚናቅም ይናገሩ ነበር። እውነት አላቸው እንላለን። ቢሆንም ምርመራውን አልሸሹም፤ ላቦራቶሪ ፈለጉ። ካናዳ ውስጥ በተደረገው ምርመራ እንዶድ ዓይን ክፉኛ እንደሚያቃጥል፣ ቀንድ አውጣ ለመግደል ውሃ ውስጥ በሚጨመረው መጠን ግን ለሰው አስጊ እንዳልሆነ ታወቀ።

መጠኑ ላይ ነው ነገሩ። ይኸው እንዶድ ለሆድ ትል ወይም ጽንስ ለማስወረድ ተብሎ ሲጠጣ ሕይወት አጥፍቷል። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ሳፖኒን የሰውንም ሕዋስ ይጎዳል። ኃይሉም ከተክል ተክል ይለያያል፤ የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ብዙ ዓይነት እንዶድ አወዳድረው 44 የተባለውን የመረጡት ለዚሁ ነው። በእፍኝ ለክቶ የሚጠጣ ሰው የትኛውን ዓይነት እንደያዘ በምን ያውቃል? የቢልሃርዝያ ክኒን ፕራዚኳንቴል እንኳ የሚሰጠው በክብደት ወይም በቁመት ተለክቶ ነው፤ እሱም ራስ ያዞራል፣ ሆድ ይቆርጣል፤ ግን ይህ አስቀድሞ ይታወቃል። ኢብኑ ሲናም ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት በአል-ቃኑን መድኃኒት እንዴት እንደሚፈተን ደንብ ጽፈዋል፤ ያኔ መድኃኒቱ በአብዛኛው ቅጠልና ሥር ነበር።

አክሊሉና ለገሠ በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተካፈሉ። አክሊሉ በ1997 አረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ በአገራችን መድኃኒት ተክሎች ላይ ምርምር ከሚደረግባቸው ቦታዎችም አንዱ ነው።