እርጎውና እሾሁ

ኤሊ ሜችኒኮፍ የሚለውን ስም የሰማችሁት ከእርጎ ጋር ተያይዞ ሊሆን ይችላል። እኔም ያገኘሁት በዚያው በኩል ነው። የሰውየው ትልቁ ሥራ ግን ሌላ ነበር።

ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1845 ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር፣ ካርኮቭ አቅራቢያ ተወለደ። የአራት ዓመቱን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በሁለት ዓመት ጨረሰ። ኑሮው ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። የመጀመሪያ ሚስቱ በ1873 በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት፤ በ1882 ደግሞ የኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ መምህርነቱን ለቀቀ።

በዚያው ዓመት ወደ ጣሊያኗ ሜሲና ሄደ። አንድ ቀን ቤተሰቡ ሰርከስ ለማየት ሲወጣ እሱ ከማይክሮስኮፑ ጋር ቤት ቀረ። ገላው እንደ ብርጭቆ ውስጡን የሚያሳይ የኮከብ ዓሣ እጭ ላይ የጽጌረዳ እሾህ ሰካ። በማግስቱ ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከበውታል! እንስሳ ሁሉ ወራሪን የሚውጡ ዘበኞች ይዞ እንደሚወለድ ያኔ ገባው። ብዙ ሊቃውንት ግን መከላከያው ያለው በደም ፈሳሽ ውስጥ ነው ብለው ተከራከሩት። በ1888 ሉዊ ፓስተር ፓሪስ ላይ ላቦራቶሪ ሰጠው፤ በ1908 ከፖል ኧርሊክ ጋር ኖቤል ተሸለመ።

ታዲያ እርጎው ከየት መጣ? ሜችኒኮፍ በትልቁ አንጀት ያሉ ባክቴሪያዎች በመርዛቸው ያስረጁናል ብሎ ያምን ነበር። በ1904 ፓሪስ ውስጥ ስለ እርጅና ንግግር ሲያደርግ ጋዜጦች እርጎዋን መዘው አወጡና ወሬው አገር አዳረሰ። እሱ ራሱ እርጎውን እየጠጣ ኖሮ በ1916፣ በ71 ዓመቱ በልብ ሕመም አረፈ።

ስለ አንጀት ተሳስቶ ነበር። ከባክቴሪያዎቹ ብዙዎቹ ጠላት ሳይሆኑ ጎረቤት ናቸው። ችግር የሚመጣው ዘበኞቹ በጎረቤት ላይ ሲነሱ ነው። ያኔ አንጀት ይቆጣል፤ ቁጣው ለዓመታት ካልበረደ ለትልቁ አንጀት ካንሰር በር ሊከፍት ይችላል። ዘበኞቹ ባክቴሪያን በምን እንደሚለዩ ያሳዩት ሆፍማንና ቦይትለር በ2011 ኖቤል ተሸልመዋል። ዛሬ ተመራማሪዎች እነዚሁኑ ዘበኞች አንጀት ሲቆጣ ለማብረድ፣ ካንሰር ላይ ደግሞ ለማነሳሳት እየሞከሩ ነው። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚያች እሾህ ነው።

የዚያ ዘመን ጋዜጠኞች እርጎውን የመረጡት ለማውራት ስለሚቀል ይመስለኛል። እኔ በቦታቸው ብሆን እሾሁን እጽፍ ነበር ብዬ ግን አልምልም።