ከሱለይማኒያ ጥግ ያለው ትንሽ መቃብር



በየሠፈራችን መስጂድ ሲሠራ ከሁሉ በፊት የሚያከራክረን የሚናራው ቁመት ነው። የውዱእ ውሃው፣ የሴቶች መስገጃው፣ የሕፃናቱ መድረሳ፣ የችግረኛው ጉዳይ ግን ገንዘብ ሲገኝ ይታያል ተብሎ ይቀጠራል። እኔም በአንድ የመስጂድ ኮሚቴ ውስጥ ስላገለገልኩ ይህን ስጽፍ ራሴን ጨምሬ ነው የምወቅሰው። ኢስታንቡልን የማየት ዕድል በገጠመኝ ጊዜ ይህንኑ ጉዳይ በልቤ ይዤ የአንድ ሰው ሥራዎችን እየተከተልኩ ከተማይቱን ዞርኩ። ሰውየው ሚዕማር ሲናን ነው። ሚዕማር ማለት የሕንፃ መሐንዲስ ማለት ሲሆን፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲናን በ1490 ገደማ በአናቶሊያ፣ በቀይሰሪ አቅራቢያ አግርናስ በምትባል መንደር ከክርስቲያን ቤተሰብ ተወለደ። የዑስማኒያ መንግሥት በዚያ ዘመን የክርስቲያን ልጆችን ከየመንደሩ እየመለመለ ለሠራዊትና ለቤተ መንግሥት አገልግሎት ይወስድ ነበር። ሲናንም በሱልጣን ሰሊም ቀዳማዊ ዘመን በዚሁ ሥርዓት ተወስዶ ሰለመ፤ የጃኒሳሪ ጦር አባልም ሆነ። እዚህ ላይ እውነቱን መሸፈን አይገባንም። በሃይማኖት ማስገደድ የለም ብለን የምናምን ሰዎች፣ ልጅን ከእናቱ የሚነጥል ሥርዓት ታላቅ ሰው ስላፈራ ብቻ ልናሞግሰው አንችልም። ሲናን ራሱም ወገኖቹን አልረሳም። መንግሥት የቀይሰሪን አካባቢ ክርስቲያኖች አንስቶ በቆጵሮስ ሊያሰፍር ሲል፣ ዘመዶቹ ከቀዬአቸው እንዳይነሱ አመልክቶ በ1573 ትእዛዝ አስወጥቶላቸዋል።

ሙያውን የተማረው በዘመቻ ላይ ነው። ከሱልጣን ሱለይማን ጋር በ1521 ወደ ቤልግሬድ፣ በ1522 ወደ ሮዶስ፣ በ1526 ወደ ሞሃች ዘምቷል። በ1538 በሞልዳቪያ ዘመቻ ጦሩ የፕሩትን ወንዝ መሻገር ባቃተው ጊዜ በ13 ቀናት ውስጥ ድልድይ ሠርቶ አሻገረው። ብዙም ሳይቆይ የመንግሥቱ ዋና መሐንዲስ ሆኖ ተሾመ። ያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 50 ተጠግቶ ነበር። ብዙ ሰው ስለ ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ እርሱ ገና መጀመሩ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ሱልጣኖችን ለ50 ዓመታት ያህል አገልግሏል።

ጉብኝቴን የጀመርኩት ከሸህዛዴ መስጂድ ነው። በ1543 የሱልጣን ሱለይማን ልጅ ልዑል መሕመድ በወጣትነቱ ሞተ። ያ ዓመት በአገራችን ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በወይና ደጋ የወደቁበት ዓመት መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። ሐዘንተኛው አባት ለልጁ መታሰቢያ ያሠራው ይህ መስጂድ በ1548 ተጠናቀቀ። የሚያየው ሁሉ የሚደነቅበትን ይህን ሥራ ሲናን የተለማማጅነት ሥራዬ ይለው እንደነበር ይነገራል።

ከዚያ ተነሥቼ ጥቂት እንደተራመድኩ ሱለይማኒያ ደረስኩ። ከ1550 እስከ 1557 የተሠራው ይህ መስጂድ ጉልላቱ ከወለሉ 53 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የዙህርን ሶላት ከሰገድኩ በኋላ ቀና ብዬ ስመለከት የገረመኝ ግን ከፍታው ብቻ አልነበረም። ሲናን ከመብራቶቹ የሚወጣው ጢስ በነፋስ ተስቦ ከበሩ በላይ ባለች ክፍል እንዲጠራቀም አድርጎ ነበር፤ ጥላሸቱም የጽሕፈት ቀለም ይሠራበት ነበር። ከጥላሸት ቀለም መበጥበጥን የወሎ ደረሶችም አሳምረው ያውቁታል። የግንባታው የሒሳብ መዝገብ ዛሬም አለ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሠራተኛ ጎን ለጎን እንደሠራና ደመወዙን እንደተቀበለ በዚያ ተጽፏል።

ከመስጂዱ ወጥቼ ዙሪያውን ስዞር ጥያቄዬ መልስ ማግኘት ጀመረ። መስጂዱን የከበቡት መድረሳዎች፣ የሕሙማን መታከሚያ፣ ለደረሳው፣ ለድሃውና ለመንገደኛው ምግብ የሚቀርብበት ወጥ ቤት፣ የእንግዶች ማረፊያና ሐማም ናቸው። ሁሉም በአንድ ዕቅድ የተነደፉ፣ በወቅፍ ገቢ የሚተዳደሩ ነበሩ። ሶላቱና ኺድማው በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር ማለት ነው።

ቁልቁል ወደ ገበያው ስወርድ በ1560ዎቹ የተሠራውን የሩስተም ፓሻ መስጂድ አገኘሁ። ቦታው ጠባብና በነጋዴ የተጨናነቀ በመሆኑ ሲናን ከሥር ሱቆችን፣ ከላይ መስጂዱን ሠራ። የሱቆቹ ኪራይ ለመስጂዱ መተዳደሪያ ይሆን ነበር። የመርካቶ ሰው ይህን ጥበብ ለመረዳት አይቸገርም።

በማግሥቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የማግሎቫ የውሃ ድልድይ ሄድኩ። ለኢስታንቡል ሕዝብ ውሃ እንዲያደርስ ከ1554 ጀምሮ የተዘረጋው የቂርቅቼሽሜ መስመር አካል ነው። በ1563 ታላቅ ጎርፍ መጥቶ ሥራውን አፈራረሰው። ሲናን የ70 ዓመት አዛውንት ሆኖ እንደገና ከመሠረቱ አነሣው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቆሟል። ከመስጂዶቹ ይልቅ በዚያ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ቆየሁ። የውሃ ጀሪካን ተሸክሞ ላደገ ሰው ከዚህ የበለጠ ሰደቀቱል ጃሪያ የት ይገኛል?

ኤድርኔ ለመድረስ ጊዜ አልበቃኝም። እዚያ ያለውን የሰሊሚያ መስጂድ ሲናን ያጠናቀቀው ዕድሜው ከ80 ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀው ይኸው ነው። የመካ ሐረም መተላለፊያዎች ከ1571 እስከ 1577 በትናንሽ ጉልላቶች የተሸፈኑትም እርሱ ዋና መሐንዲስ በነበረበት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ በሐጅ የሄዱ አያቶቻችን ከጥላቸው ሥር አርፈዋል።

በመጨረሻው ቀን መቃብሩን ለመፈለግ ወደ ሱለይማኒያ ተመለስኩ። ሁለት ጊዜ አልፌው ሄጃለሁ። ሱልጣን ሱለይማን በመስጂዱ ቅጥር ውስጥ በታላቅ ጉልላት ሥር ተቀብሯል። በ1588 ወደ 100 ዓመት ተጠግቶ የሞተው ሲናን ግን ከቅጥሩ ውጭ፣ ሁለት መንገዶች በሚገናኙበት ጥግ፣ ራሱ ባዘጋጃት ጠባብ ቦታ አርፏል። ከመቃብሩ ፊት፣ በመንገዱ ማዕዘን ላይ ያቆመው ለአላፊ አግዳሚ ውሃ የሚሰጥ ሰቢል ነው። ለሌሎች ይህን ሁሉ ጉልላት ያነሣ ሰው ለራሱ ስም ማስታወሻ የመረጠው የጥም ማርኪያ ሆነ።

አላህ ይዘንለት ብዬ ዱዓ አድርጌ ተመለስኩ። የእኛ ኮሚቴ ዳግመኛ ሲሰበሰብ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ ሚናራው ይቆየንና አስቀድመን ለመንገደኛ የሚሆን አንዲት ቧንቧ ከበሩ ፊት እንትከል። ኢንሻአላህ ሚናራውም ተራው ይደርሳል።