ሚሼል ሌሪስ፦ ጎንደር ላይ ዛርን ያጠናው ፈረንሳዊና ለዛሬ ተመራማሪ የተወው የቤት ሥራ

በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ማስተርስ የሚማር ጓደኛ ካላችሁ ፕሮፖዛል የሚባለውን ጣጣ ታውቁታላችሁ። ርዕስ ይመረጣል፣ የጥናት ጥያቄ ይወጣል፣ መጠይቅ ይፈለጋል፣ የናሙና ብዛት ይሰላል። ተመራማሪው ከሚያጠናቸው ሰዎች ጋር ምን ዓይነት ግንኙነት ይኖረዋል የሚለው ግን ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ በአንዲት አንቀጽ ይታለፋል። ያቺ አንቀጽ ምን ያህል እንደምትከብድ ለማየት የሚሼል ሌሪስን ሕይወት መመልከት ይበቃል።

ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1901 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆቹ ናቸው።) መጀመሪያ ገጣሚ ነበር። በ1924 ሰርሪያሊስት ከሚባሉት፣ ሕልምንና የተደበቀ ስሜትን የጥበብ ምንጭ ካደረጉት ደራሲያን ጋር ተቀላቀለ፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ተለያቸው። ያኔ ውስጡ ደህና አልነበረም። ጭንቀቱና መጠጡ ሲበዛበት በ1929 አድሪያን ቦረል የተባለ ሐኪም ዘንድ ሄዶ የሳይኮአናሊሲስ ሕክምና ጀመረ። ስለዚህ ሰውዬው የሌሎችን መንፈስ ከማጥናቱ በፊት እሱ ራሱ ታካሚ ነበር።

በ1931 ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን አፍሪካን ከዳካር እስከ ጅቡቲ ሊያቋርጥ ሲነሳ ሌሪስን ጸሐፊና መዝገብ ያዥ አድርጎ ይዞት ሄደ። ከኋላው የረባ የመስክ ጥናት ትምህርት አልነበረውም። የነበረው አንድ ልማድ ነው፤ ያየውን፣ የሰማውን፣ የተሰማውንም በየቀኑ ይጽፋል።

ቡድኑ በሐምሌ 1932 ጎንደር ገባ፤ በእኛ 1924 ዓ.ም. ክረምት መሆኑ ነው። ጎንደር በነበረው የጣሊያን ቆንስላ ግቢ ሰፍረው አምስት ወር ያህል ቆዩ። ሌሪስ እዚያ ወይዘሮ መልካም አየሁ የተባሉ የታወቁ ባለዛር አገኘ። እሳቸው ቤት በአብዛኛው ሴቶች የሆኑ ታማሚዎች ይመጣሉ። ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል፣ ይዘፈናል፣ ይጨበጨባል፤ ዛሩ በሰውየው ላይ አድሮ ስሙን ይናገራል፣ የሚፈልገውን ልብስና መስዋዕት ይጠይቃል።

ሌሪስ አማርኛ አይችልም። አስተርጓሚው አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ፤ በኤርትራ የተወለዱ፣ ብዙ ቋንቋ የሚያውቁ ምሁር። የጥናቱ ግማሽ የእሳቸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ እሳቸው ባይጽፉና ባይተረጉሙ ሌሪስ የሚሰማው ጭብጨባውን ብቻ ነበር።

ቀን ከሌት እዚያ ቤት ተቀምጦ ያስተዋለው ነገር ለጊዜው አዲስ ነበር። ዛሩ ተባሮ አይወጣም፤ ይልቁንስ ድርድር ይደረግበታል። ታማሚዋ ዛሯን ታውቀዋለች፣ ትለማመጠዋለች፣ እሷን ከሚመስሉ ሰዎች ጋርም ትቀላቀላለች። አንዲት ሴት ብዙ ዛር ሊኖራት ይችላል፤ በእያንዳንዱ ደግሞ ንግግሯም አነጋገሯም ይለወጣል። ታዲያ እያስመሰለች ነው ወይስ በእርግጥ ተይዛለች? ሌሪስ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለውን መጽሐፍ ያሳተመው ከ26 ዓመት በኋላ በ1958 ነው። መልሱ ከሁለቱ አንዱን የሚመርጥ አልነበረም፤ ሰውዬው የሚኖረው ቲያትር ነው አለ፤ ውሸትም አይደለም፣ ሙሉ በሙሉ ከሱ ቁጥጥር ውጪ የሆነም አይደለም።

ይህ ያረጀ ወሬ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው የሕመሞች መመሪያ በመንፈስ የመያዝ ስሜትን ከማንነት መከፋፈል ሕመም ጋር አብሮ አንስቶታል፤ ድርጊቱ በማኅበረሰቡ ተቀባይነት ያለው ባህል ወይም እምነት ከሆነ ግን ሕመም እንዳይባል ያሳስባል። ሌሪስ መልካም አየሁ ቤት ቁጭ ብሎ የተጨነቀበት ጉዳይ ይኸው ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። የሚሠዋውን ከብት የገዛው የሌሪስ ቡድን ነው። ስጦታም ገንዘብም ይሰጥ ነበር። ኢኮኖሚክስ የተማርን ሰዎች የምንደጋግመው ነገር አለ፤ ክፍያ ሲገባ ባህሪ ይቀየራል። ሌሪስ ላይም የደረሰው ይኸው ነው። የሚያየው ነገር ያለ እሱ ይደረግ የነበረ ነው ወይስ ለእሱ ብር ሲባል የተደረገ? ቤተሰቡ ስጦታ ሲጠይቀው ተከፋ፤ ወዳጅ ነኝ ብሎ ያስብ ነበርና። እነሱ ግን ያዩት ሀብታም እንግዳ ነው። በዚያ ላይ የመልካም አየሁን ልጅ እማዋይሽን ልቡ ወዷት ነበር፤ ይህንንም በማስታወሻው አልደበቀም። ተመራማሪ፣ ከፋይ፣ ወዳጅ፣ አፍቃሪ፤ አንድ ሰው በአንድ ቤት ውስጥ አራቱንም ሆኖ የሚሰበስበው መረጃ ንጹሕ ሊሆን አይችልም።

ቡድኑ ከዚህም የባሰ ሠርቷል። በ1931 ዛሬ ማሊ በምትባለው አገር የአካባቢው ሰዎች የሚያመልኩባቸውን ቅዱስ ዕቃዎች በማስፈራራትና በስርቆት ወሰደ፤ ሌሪስም አብሮ ነበር። ጎንደር ላይ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ ተነስተው በምትካቸው ቡድኑ የሣላቸው ቅጂዎች ተለጠፉ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ፈቃድ ተገኝቶ ነበር ቢባልም፣ ያኔም ዛሬም የሚያከራክር ፈቃድ ነው።

ሌሪስ አገሩ ተመልሶ በ1934 የዕለት ማስታወሻውን እንዳለ አሳተመው፤ ስርቆቱንም፣ ፍርሃቱንም፣ ንዴቱንም። ግሪዮል ተቆጣ፤ ግንኙነታቸውም ሻከረ። በ1941 የቪሺ መንግሥት መጽሐፉን አገደው። ሌሪስ ግን መንገዱን ቀይሮ ነበር። በሙዚየም እየሠራ መደበኛ ትምህርቱን ተከታተለ። በ1950 የመስክ ተመራማሪ ከቅኝ ግዛት ጋር ያለውን ቁርኝት የሚተች ጽሑፍ አወጣ፤ በ1960 የአልጄሪያን ጦርነት የተቃወመውን የ121 ምሁራን መግለጫ ፈረመ። የራሱ ሕመም ግን አልተወውም፤ በ1957 ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ሐኪሞች አተረፉት። ያረፈው በ1990፣ በ89 ዓመቱ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ከእስቴ መካነ ኢየሱስ የወጣ ተማሪ ነገ የማስተርስ ጥናቱን ወደ ጋይንት ሄዶ ልሥራ ሊል ይችላል። ነፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ያየች፣ ሴቶች የተደፈሩባት ከተማ ናት። መጠይቁ እንኳ አይቸግርም፤ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድብርት መለኪያ በአማርኛ ተተርጉሞ አዲስ አበባና ቡታጅራ ላይ ተፈትሿል። የሚቸግረው ሌላ ነው። የደረሰባትን የምትናገረው እናት ጠያቂውን ማን ብላ ነው የምታየው? እርዳታ የሚያመጣ ብላ ከሆነ መልሷ ወደዚያ ያዘነብላል። ቁስሏን ከነካካ በኋላ ማታ ብታለቅስ የሚላክላት ባለሙያ አለ ወይ? ውጤቱስ ወደ እሷ ይመለሳል ወይስ ዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ ይቀራል?

እነዚህ ጥያቄዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊርማ እስኪገኝ ብቻ የሚመለሱ አይደሉም። ከርዕሱ በፊት መጠየቅ አለባቸው፤ ምክንያቱም መልሱ ርዕሱን ራሱን ሊቀይር ይችላል። በአካባቢው የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ከሌለ፣ ስለ ደረሰው በደል በዝርዝር ከመጠየቅ ይልቅ ሰዎች ሲጨነቁ ወዴት እንደሚሄዱ ማጥናት ይሻል ይሆናል፤ ጠበል ነው፣ ዛር ቤት ነው፣ ጤና ጣቢያ ነው?

ከሌሪስ መውሰድ የሚገባን አንድ ልማድ አለ፤ ማስታወሻው። በመረጃው ጎን እኔ ዛሬ ምን ከፈልኩ፣ ምን ተሰማኝ፣ ማንን አስከፋሁ የሚል ሁለተኛ ደብተር። የእሱን ጥፋት ዛሬ የምናውቀው ራሱ ስለጻፈው ነው። የመልካም አየሁ ቤት ሰዎች ግን የእነሱን ደብተር አላሳተሙም፤ ስለ ፈረንጁ እንግዳቸው ምን ይሉ እንደነበር የምናነበው በእሱ እጅ ጽሑፍ ብቻ ነው። የዛሬው ተማሪ ቢያንስ ይህን ማስተካከል ይችላል።