የጠጣር አካላትን የገጽ ሞገድ ያስተዋወቁት ሎርድ ሬይሊ

በምዕራብ ጎንደር ዞን ቆላማ አካባቢ የሚፈሰው የሽንፋ ወንዝ ድንበር ተሻግሮ በሱዳን ራሃድ የሚል ስያሜ በመያዝ ዓባይን ይቀላቀላል። ዓባይ በሚያልፍባት ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1872 መገባደጃ ከሕመም ለማገገም የሄዱ አንድ ወጣት እንግሊዛዊ፣ በጀልባ ላይ ተቀምጠው ስለ ድምፅ ባህርይ የሚያትት መጽሐፍ መጻፍ ጀመሩ። እኚህ ሰው በኋላ የአባታቸውን ማዕረግ ወርሰው ሎርድ ሬይሊ የተባሉት ጆን ዊሊያም ስትረት ናቸው።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 1842 በኤሴክስ የተወለዱት ሬይሊ፣ በልጅነታቸው ትምህርታቸው በጤና እክል ቢስተጓጎልም በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1865 በሒሳብ ፈተና አንደኛ ወጥተዋል። በዓባይ ላይ የተጀመረው መጽሐፋቸውም እ.ኤ.አ. በ1877 እና በ1878 በሁለት ቅጽ ታትሟል።

በጠጣር አካል ውስጥ ሁለት ዓይነት ሞገዶች ይጓዛሉ። አንደኛው በጉዞው አቅጣጫ ቅንጣቶችን እየገፋና እየሳበ የሚያልፍ ሲሆን፣ ሺር የሚባለው ሁለተኛው ግን ቅንጣቶቹን ወደ ጎን ያወዛውዛል። ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባወጡት ጽሑፍ ሁለቱ እንቅስቃሴዎች በአካሉ ገጽ ላይ ተጣምረው ሌላ ሞገድ እንደሚፈጥሩ በሒሳብ ስሌት አሳዩ። ይህ ሞገድ ከሺር ሞገድ በጥቂቱ የሚዘገይ ሲሆን፣ ወደ ውስጥ ብዙ ሳይዘልቅ ገጹን ተከትሎ ስለሚጓዝ ጉልበቱ በርቀት ቶሎ አይዳከምም። በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ጉልህ ድርሻ እንደሚኖረው መገመታቸውም በኋላ በመሣሪያ ልኬት ተረጋግጧል። ሌላው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ አውጉስተስ ላቭ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1911 መሬትን በአግድም ብቻ የሚያወዛውዘውን የገጽ ሺር ሞገድ አብራርተዋል።

የሬይሊ ስሌት ዛሬ በአልትራሳውንድ አማካኝነት ለቁሳቁስ ምርመራ ይውላል። በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ የገጽ ሞገድ በብረት ላይ ርዝመቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ በላይኛው ሽፋን የተደበቀ ስንጥቅ ሲያጋጥመው ከፊሉ ተመልሶ ጉዳቱን ይጠቁማል። በዚህም የብረት ድልድይ ወይም የማሽን አካል ሳይቆረጥና ሳይፈታ፣ አደጋ ከመድረሱ አስቀድሞ መመርመር ይቻላል።

ጉዳዩ የስምጥ ሸለቆ አገር ለሆነችው ኢትዮጵያም ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በካራቆሬና በማጀቴ ከባድ ጉዳት ያደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ሕንፃና መንገድ ሲታቀድ የእነዚህን ሞገዶች ጠባይ ማወቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ያስታውሳል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1957 የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪም የአገሪቱን የመሬት መንቀጥቀጥ መዝግቦ ለማጥናት መሠረት ጥሏል።

ሬይሊ ጥቃቅን ልዩነቶችን በቸልታ የማያልፉ ተመራማሪ ነበሩ። ከአየር የተገኘው ናይትሮጅን ከሌላው ከ200 አንድ እጅ ያህል ከብዶ መገኘቱን መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ከዊሊያም ራምዚ ጋር አርገን የተባለውን ጋዝ አግኝተዋል። በዚህም እ.ኤ.አ. በ1904 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው፣ ገንዘቡን ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አበርክተዋል። ለመርከቦች ደኅንነት በሚያገለግሉ የመብራት ማማዎችና የጭጋግ ወቅት የድምፅ ምልክቶች ላይም አገራቸውን በአማካሪነት አገልግለዋል።

ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1919 በ76 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በስማቸው የሚጠራው ሞገድ ግን ዛሬም የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪዎችና መሐንዲሶች የዕለት ተዕለት መሣሪያ ነው።