ከባሪያ ጀልባ እስከ መምህርነት፦ የወይዘሮ አስቴር ጋኖ የሕይወት ታሪክ

ለዚህ እትም የመረጥኩላችሁ ሴት የጎጃም ልጅ አይደለችም። ይሁን እንጂ ከእኛ ሩቅም አይደለችም። ከደምበጫ ተነስታችሁ ፍኖተ ሰላምን አልፋችሁ ቡሬ ስትደርሱ፣ ወደ ግራ ታጥፎ ዓባይን የሚሻገር መንገድ አለ። ያ መንገድ የሚያደርሰው ነቀምቴ ነው። አስቴር ጋኖ ከስደት ተመልሳ ያስተማረችው እዚያ ነው። ስሟን በወለጋ በኩል ያለ ሰው በደንብ ያውቀዋል፤ በእኛ በኩል ግን ሲነሳ ብዙም አልሰማሁም። ከማኅበራችን አባላት ውስጥ ከዓረብ አገር ተመልሰው አሁን ምን ልሥራ የሚሉ ብዙ ስለሆኑ፣ ታሪኳ ለእነሱ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ወደ እኛ ለመመለስ ሰባት ወይም ስምንት መቀነስ ነው።

አስቴር የተወለደችው በ1872 አካባቢ ነው። ስትወለድ ነጻ ነበረች። በኋላ ግን የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። ሊሙ እናርያ ዛሬ በጅማ በኩል ያለው አገር ሲሆን በዚያ ዘመን የራሱ ንጉሥ ነበረው፤ በንግድም የታወቀ ነበር። ከዚያ የሚነሳ ነጋዴ ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ ጭኖ፣ ሰውም እየነዳ ይወጣል። አንደኛው መንገድ በሸዋ በኩል ወደ ታጁራ ይወርዳል። ሌላው ዓባይን ተሻግሮ የእኛው ጎጃም ይገባል፤ የጁቤ አጠገብ ባለው በባሶ ገበያ ያርፍና ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ ይቀጥላል። ባሶ ላይ በሬና ጨው በሚሸጥበት ገበያ ሕፃናትም ይሸጡ ነበር። ይህንን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። ግን የሌላ አገር ጉዳይ አድርገን እንዳናነበው ነው። ያ ገበያ የአያቶቻችን ገበያ ነው፤ ቆመው ያዩ አሉ፣ የገዙም አሉ።

አስቴር አሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሆናት፣ በ1886፣ ከሌሎች ጋር በጀልባ ተጭና ወደ ዓረብ አገር ተሻገረች፤ እዚያ ልትሸጥ ነው። የጣሊያን መርከቦች ጀልባዋን መንገድ ላይ አስቁመው የተጫኑትን ነጻ አወጡ። ጣሊያን በዚያን ጊዜ ምጽዋን ከያዘ ገና አንድ ዓመቱ ገደማ ነበር፤ ለራሱ ጥቅም የመጣ መሆኑን ከአድዋ በኋላ ያላወቀ የለም። ያም ሆኖ ልጅቷን ያዳናት ያ መርከብ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ያ ባሕር ያው ዛሬ የእኛ ልጆች በደላላ ተመርተው ከኦቦክ ወደ የመን የሚሻገሩበት ባሕር ነው። ልዩነቱ ትልቅ እንደሆነ አይጠፋኝም። እኛን ሰንሰለት አስሮ የሸጠን የለም፤ ቤተሰብ ለመርዳት ብለን ነው የሄድነው። ሆኖም አሥራ አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ የሰው ቤት ልታገለግል፣ ቋንቋውን ወደማታውቀው አገር በጀልባ ስትሄድ ምን እንደሚሰማት ለማወቅ ብዙዎቻችን መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገንም።

ነጻ የወጣችው አስቴር የተሰጠችው ከምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባል ቦታ ለነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ስዊድኖቹ ምጽዋ የመጡት በ1866 ነው። ሐሳባቸው ወደ ኦሮሞ ምድር መዝለቅ ነበር፤ መንገዱ አልከፈት ሲላቸው እዚያው ሙቀቱ በሚጠብሰው ቆላ ትምህርት ቤት ከፍተው ተቀመጡ። ሴት ልጆችንም ያስተምሩ ነበር። ብዙዎቻችን የተዋሕዶ ልጆች ነንና ሚሲዮን ሲባል ፊታችን ይቋጠር ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነኝ። ግን ያንን ወደ ጎን ብለን ነገሩን እንየው፦ ዘመድ የሌላት፣ መመለሻ መንገድ የማታውቅ ልጅ ፊደል የቆጠረችው እዚያ ነው።

በእምኩሉ አንድ ሰው ነበር፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ ይባላል። እሱም እንደ እሷ በባርነት የተሸጠ የኦሮሞ ልጅ ነው። በኢሉባቦር በ1856 አካባቢ ተወልዶ ገና ሕፃን ሳለ ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰና በ1870 ነጻ ወጣ። ስዊድን ድረስ ሄዶ ተምሮ ተመልሷል። የእሱ ትልቅ ሥራ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ነበር። ግን አንድ ችግር ነበረበት፤ ከአገሩ የወጣው በሕፃንነቱ ነው። ሕፃን እያለ ከእናቱ ጉያ የተነጠቀ ሰው፣ ምንም ቢማር፣ የቋንቋውን ሙላት ከየት ያመጣል? ስለ እርሻው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ቂምና ዕርቅ፣ ስለ ሐዘን የሚነገረውን ቃል ሁሉ ማን ይነግረዋል?

አስቴር ግን የተወሰደችው አድጋ ነው። ሴት ልጅ በዚያ ዕድሜዋ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ምድጃ ዳር ተቀምጣ የትልልቆቹን ወሬ ሰምታለች። ተረቱ፣ እንቆቅልሹ፣ ዘፈኑ፣ የእናቶች ምሳሌያዊ አነጋገር ሁሉ ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ኦኔሲሞስ አእምሮዋ ስለታም መሆኑን ብቻ ሳይሆን ለቋንቋው ልዩ ስሜት እንዳላት ቶሎ አወቀ። ስለዚህም የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት የማዘጋጀቱን ሥራ ለእሷ ሰጣት።

ይህ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ እናስበው። በዚያ ዘመን በኦሮምኛ የተጻፈ ነገር ከጥቂት ሙከራ በቀር የለም። አይታ የምትቀዳው መጽሐፍ የላትም። ቃሉን ከራሷ ማስታወስ፣ ከእሷ ጋር ከባርነት ከተረፉት የኦሮሞ ልጆች መጠየቅ፣ አንዱ አገር እንዲህ ሲል ሌላው እንዲያ የሚለውን ማመዛዘን፣ ከዚያ በእኛው በግዕዝ ፊደል መጻፍ ነው። አዎን፣ ያኔ ኦሮምኛው የተጻፈው ዛሬ እናንተ ይህንን በምታነቡበት ፊደል ነው። መዝገበ ቃላቱ በ1893 የታተመውን የአዲስ ኪዳን ትርጉም ለማቃናት አገለገለ። አስቴር የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን የያዘ መጽሐፍም ተርጉማለች፤ ከኦኔሲሞስ ጋር ሆና የመዝሙር መጽሐፍ አዘጋጅታለች።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው ሥራዋ ነው። 500 የሚሆኑ የኦሮሞ እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች ጻፈች። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የጀማሪዎች ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። አምስት መቶ! እስቲ ዛሬ ማታ ተቀምጣችሁ የልጅነት እንቆቅልሻችሁን ቁጠሩ። እኔ ሞክሬ ሃያ ሳልደርስ አለቀብኝ፤ ያውም አገሬ ላይ እየኖርኩ። እሷ ያንን ሁሉ ይዛ የቆየችው ከቤቷ ተነጥቃ፣ በገበያና በባሕር አልፋ ነው። ልብስ ይወሰዳል፣ ስም እንኳ ይለወጣል። እንቆቅልሹን ግን ማንም ነጋዴ ከእሷ ሊወስድ አልቻለም፤ ደግሞም ማንበብ ለሚጀምር ልጅ ከሚያውቀው እንቆቅልሽ የተሻለ ምን ይቀርብለታል?

በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ተጠናቆ በስዊስ አገር ታተመ። የኦኔሲሞስ ትርጉም ተባለ፤ እስከ ዛሬም የሚጠራው በእሱ ነው። ኦኔሲሞስ ትልቅ ሰው ነው፤ ክብሩን ልቀንስበት አልፈልግም። የአስቴር ድርሻ ግን በጊዜው ተገቢውን ቦታ አላገኘም። የቃላቱን ጎተራ የሞላችው እሷ ሆና ሳለ ስሟ ከመጽሐፉ ፊት የለም። ይህ በእኛም ሠፈር አዲስ ነገር አይደለም። ማሳውን ማን አረመው ሲባል የምናውቀው እኛ ነን፤ እህሉ ግን በአባወራው ስም ነው ወደ ገበያ የሚሄደው። ድርሻዋን ከፍ አድርገው የጻፉላት ተመራማሪዎች የመጡት ብዙ ቆይተው ነው።

አሁን ወደ መመለሱ ልምጣ። አስቴር ነጻ በወጣች ማግስት ወደ አገሯ አልተመለሰችም፤ አልቻለችም። ኦኔሲሞስ ከእሷ በፊት በሱዳን በኩል ለመግባት ሞክሮ ሳይሳካለት ቀርቷል፤ ሌላም ጊዜ ሸዋ ድረስ ደርሶ ተመልሷል። ከዚያ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ መጣ፣ ከዚያ ኤርትራ የጣሊያን ቅኝ ግዛት ሆነች፣ ከዚያ አድዋ። መንገዱ ሳይከፈት ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። እነሱ ግን በእነዚያ ዓመታት የሚሠሩት ሁሉ የሚመለሱበትን ሥራ ነበር። የማንበቢያ መጽሐፉ ምጽዋ ውስጥ ለማን ይጠቅማል? የተዘጋጀው ገና ላልተከፈተ ትምህርት ቤት፣ ወንዝና ተራራ ማዶ ላሉ፣ ገና ላልተወለዱ ልጆች ነው።

የተመለሱት በ1904 ነው። አስቴር ከኦኔሲሞስና ከሌሎች የኦሮሞ ተወላጆች ጋር ሆና ወደ ወለጋ ገባች። ከጀልባዋ ከወረደች 18 ዓመት ሆኗታል፤ ዕድሜዋም ሠላሳ ሁለት ገደማ ነው። በጊዜው ልማድ በዚህ ዕድሜ ያለች ሴት ልጅ የምትድር እንጂ አዲስ ሥራ የምትጀምር አልነበረችም።

እስካሁን እሷ እያልኩ ጽፌያለሁ፤ ልጅነቷን ስለማወራ ነው። ከዚህ በኋላ ግን መምህር ናቸውና አንቱ ልበላቸው።

ወይዘሮ አስቴር በነቀምቴ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ። የነቀምቴ ገዥ ያኔ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞረዳ፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ ነበሩ። ዘመኑን ለማነጻጸር ያህል፦ አዲስ አበባ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1908 ነው። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ደግሞ በ1931 ነው። እንግዲህ በዋና ከተማው የዘመናዊ ትምህርት በር ሳይከፈት፣ በባርነት የተሸጠች አንዲት ሴት ነቀምቴ ላይ ቆማ ታስተምር ነበር። ለጀማሪ ተማሪ የሚሆነው መጽሐፍም አስቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ ውስጡ ያሉት ተረቶች የራሳቸው የመምህርቷ ናቸው።

ነገሩ ሁሉ ግን አልጋ በአልጋ አልሆነም። ኦኔሲሞስ በኦሮምኛ መስበካቸው ካህናቱን አስቆጣ፤ ተከሰሱ፤ በ1906 ጉዳዩ እስከ አቡነ ማቴዎስ ደረሰና እንዳይሰብኩ ተከለከሉ። ነቀምቴ መቀመጥ ግን ተፈቀደላቸው። አገሬ ብሎ የተመለሰ ሰው ገና ሳይደላደል በአገሬው ሲጠረጠር ምን እንደሚመስል፣ ከጂዳም ከቤይሩትም የመጣችሁ ታውቁታላችሁ። ዓረብ አገር የኖረች ሴት ምን ሆና እንደመጣች ማን ያውቃል ይባላል፤ በሰላምታው ውስጥ ሳይቀር ጥያቄ አለ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ብዙዎቹ የገቡት በፌስታል ልብስ ብቻ ይዘው ነው። ያኔ ከእነሱ መካከል ምን ይዘሽ መጣሽ ያልተባለች የለችም።

የወይዘሮ አስቴርም ሻንጣ ቢፈተሽ ወርቅ አይገኝበትም። የያዙት መጻፍ፣ ማንበብና ማስተማር ነው፤ ከዚያ በታች ደግሞ ከቤት ሲወጡ የነበራቸው ቋንቋ። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ሥራ የሆነላቸው። በማኅበራችን የቁጠባ ስብሰባ ላይ አንዳንዶቻችን ምንም ሙያ የለኝም ስንል እሰማለሁ። ያቺው ሴት ግን ስድስት ዓመት የአስም በሽተኛ አሮጊት በዓረብኛ እያነጋገረች አስታማለች፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ ሰጥታለች፤ የአሥር ሰው ምግብ ብቻዋን አዘጋጅታለች። ይህ በወረቀት ያልሰፈረ ስለሆነ ከሙያ አይቆጠርም። የአስቴርም እንቆቅልሽ ወረቀት ላይ እስኪሰፍር ድረስ የሴቶች ጨዋታ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወታቸው ረጅም ነው፤ እኔ ግን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ምኒልክ አለፉ፤ ልጅ ኢያሱ መጡ፣ ሄዱም። ኦኔሲሞስ በ1931 አረፉ። ያዳናቸው መርከብ ባለቤት ጣሊያን በ1936 በወራሪነት መጥቶ እስከ 1941 አገሪቱን ያዘ። ባርነትን ፈጽሞ የሚከለክለው ሕግ በ1942 ሲወጣ ወይዘሮ አስቴር ሰባ ዓመት ገደማቸው ነበር፤ እሳቸው በጀልባ ከተጫኑ 56 ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው።

ወይዘሮ አስቴር ጋኖ ያረፉት በ1964 ነው። ዕድሜያቸው 92 ገደማ ደርሶ ነበር። ባርነት ከወሰደባቸው ዓመታት ይልቅ ከስደት ተመልሰው አገራቸው ላይ የኖሩት ይበልጣል፤ ስድሳ ዓመት ነው።