ከቋራ በረሃ እስከ መቅደላ፦ የቴዎድሮስ ጦርና የወሎ ገበሬ

ከሐይቅ ተነሥቶ የአምባሰልን ተራሮች ወደ ምዕራብ የተሻገረ መንገደኛ የመቅደላን አምባ ያገኛል። አምባው የዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት የተፈጸመበት ብቻ ሳይሆን አንድ መሠረታዊ ጥያቄ የተፈተነበት ሥፍራ ነው። ይኸውም፣ ከሽፍቶች መካከል የወጣ ጦር የሕዝብ አለኝታ ሊሆን ይችላልን? የሚለው ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። ዘመኑ መሳፍንት አገሪቱን ተቀራምተው በገበሬው ጫንቃ ላይ የሚኖሩበት ነበር። ካሣ በዚህ ሥርዓት ላይ ሸፍቶ በቆላው ተከታይ አፈራ። ተከታዮቹም እንደ እርሱ የተገፉና በዘረፋ የሚኖሩ ነበሩ። ይሁን እንጂ ምርኮውን ለገበሬው አካፍሎ የእርሻ መሣሪያ እንዲገዛበት ማድረጉ ከተራ ሽፍታ እንደሚለየው ይነገርለታል። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ በግብፅ መድፍ በተሸነፈ ጊዜ፣ ጀግንነት ብቻውን የሠለጠነ ጦርን እንደማይመክት ተገነዘበ። በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል ነሣ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ነገሠ።

የትናንቱ ሽፍታ በዙፋን ላይ የሽፍትነት ጠላት ሆነ። ሰው ሁሉ ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ አወጀ። እንደሚተረከው፣ በኢፋግ አካባቢ የነበሩ ወንበዴዎች የአባቶቻችን ሥራ ቅሚያ ነውና ይጽናልን ብለው ቀረቡ። በሬና ማረሻ ሊሰጣቸው ቢፈቅድም እምቢ ስላሉ፣ ሲመለሱ ፈረሰኛ ልኮ አስፈጃቸው። ወታደሩም በገበሬው ቤት እየሰፈረ ከመብላት ይልቅ በደመወዝ እንዲያድር አቀደ።

ነገር ግን ዕቅድ ያለ ኢኮኖሚያዊ መሠረት ሊቆም አይችልም። ለጦሩ ቀለብ የቤተ ክርስቲያንን ትርፍ መሬት ሊወስድ ሲነሣ ካህናቱን አስቀየመ፤ መሳፍንቱም በየአውራጃው ዐመፁ። ደመወዝ ያጣው ጦር ወደ ጥንቱ ልማዱ፣ ወደ ዘረፋ ተመለሰ። የዚህን ጦስ አብዝቶ ከተቀበሉት አንዱ የወሎ ገበሬ ነው። ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ መቅደላን ከያዘ በኋላ በወሎ ላይ ደጋግሞ ዘመተ፤ በየዘመቻው እህሉ ተበላ፣ ከብቱ ተነዳ። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ወደ ወርቂት በገባ ጊዜ፣ ቴዎድሮስ የወርቂትን ልጅና ሌሎች የወሎ እስረኞችን አስገደለ። በዚህም በአምባው ዙሪያ ያለውን ሕዝብ ፈጽሞ አጣ።

ከጋፋት የተነሣው ሴባስቶፖል መድፍ በሰው ጉልበት ተጎትቶ የጅጣንና የበሽሎን ገደል አልፎ መቅደላ ሲደርስ፣ በአሥር ሺዎች ይቆጠር የነበረው ጦር ወደ ጥቂት ሺህ ወርዶ ነበር። የእንግሊዝ ጦር በበኩሉ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲያልፍ ስንቅና የጭነት ከብት የሚሸጥለት፣ መንገድ የሚለቅለት አላጣም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ የቴዎድሮስ ጦር ተሸነፈ። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 6፣ ቴዎድሮስ ለባዕድ እጁን ከመስጠት ሞትን መርጦ በገዛ ሽጉጡ ሕይወቱን አሳለፈ።

የአንድነት ዓላማው ከዘመኑ የቀደመ፣ አሟሟቱም የሚያኮራ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ሠርቶ አደሩና የቀበሌ ነዋሪው ከአሟሟቱ ይልቅ ወደ አሟሟቱ ያደረሰውን መንገድ ሊመረምር ይገባዋል። ሽፍታን ወታደር የሚያደርገው የሚለብሰው ልብስ ወይም የሚይዘው መሣሪያ አይደለም፤ እንጀራው ከየት እንደሚመጣ ነው። ከገበሬው ጎተራ ነጥቆ የሚያድር ጦር፣ ዓላማው የቱንም ያህል ታላቅ ቢሆን፣ በክፉ ቀን ገበሬውን ከጎኑ አያገኘውም።