ዲግሪ ያልያዘው ሊቅ፤ ኤድዊን ላንድ

ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሥዕሉን ለማየት ቀናት መጠበቅ ግድ በነበረበት ዘመን፥ ያን ጥበቃ ወደ አንድ ደቂቃ ያሳጠረው ኤድዊን ላንድ ነው። ታሪኩን ለጓደኞቻችን ለማቅረብ የተነሣነው፥ እንደ እኛው ተማሪ ስለ ነበረና ከሕይወቱም የምንማረው መልካምም ክፉም ስላለ ነው። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ላንድ በ1909 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በብሪጅፖርት ከተማ ተወለደ። በ1926 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቢገባም ብዙ ሳይቈይ ትምህርቱን ትቶ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። በዚያም ቀን በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲያነብ ይውልና፥ ሌሊት ያለ ፈቃድ ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ እየገባ ይሠራ ነበር ይባላል። የድካሙም ፍሬ የብርሃንን ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ፕላስቲክ ሆነ። ወደ ሃርቫርድ ተመልሶ ነበር፤ ነገር ግን ዲግሪውን ሳይዝ ዳግመኛ ወጣ። በ1937 ፖላሮይድ ኩባንያን አቋቋመ።

በ1943 በሳንታ ፌ ከተማ ለዕረፍት ሳለ የሦስት ዓመት ሴት ልጁን ፎቶግራፍ አነሣት። ሕፃኒቱም ሥዕሉን ወዲያው ማየት ያልቻለችው ስለ ምን እንደ ሆነ ጠየቀችው። ሌላ አባት ቢሆን ስቆ ባለፈው ነበር፤ ላንድ ግን መልሱን መፈለግ ጀመረ። በ1947 ግኝቱን ለሊቃውንት አሳየ፤ በ1948 በቦስተን ለሽያጭ የቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ካሜራዎች በዚያው ቀን አለቁ። ምሥጢሩ በፊልሙ ውስጥ ነው፤ ፊልሙ በሁለት ዘንጎች መካከል ተጨምቆ ሲሳብ፥ አብሮት የታሸገው ትንሽ የኬሚካል ከረጢት ይፈነዳል፤ ኬሚካሉም በኔጌቲቩና በወረቀቱ መካከል ይዳረስና ጨለማ ክፍል ሳያስፈልግ ሥዕሉ በ60 ሴኮንድ ይወጣል።

ይሁን እንጂ ይህ ፍጥነት ለክፉም አገለገለ። በ1970 ካሮላይን ሃንተርና ኬን ዊሊያምስ የተባሉ ጥቁር የኩባንያው ሠራተኞች፥ የፖላሮይድ መሣሪያ በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች በግድ ለሚይዙት የይለፍ ደብተር ፎቶግራፍ ማንሻ መሆኑን ደርሰውበት ተቃውሞ አስነሡ። ሃንተር ከሥራዋ ተባረረች። ላንድ የሚመራው ኩባንያ ከደቡብ አፍሪካ ጨርሶ የወጣው በ1977 ነው።

ላንድ በ1982 ከኩባንያው ተለየ፤ በ1991 ዐረፈ። ከ500 በላይ የፈጠራ መብቶች በስሙ ተመዝግበዋል፤ ዲግሪውን ሳይወስድ ትቶት የወጣው ሃርቫርድም በ1957 የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል።

እኛ ግን ከላንድ ጋር ሁለቱን ሠራተኞች ማስታወስ እንወዳለን። እርሱ የሕፃን ጥያቄ ሳይንቅ ታላቅ ነገር ሠራ፤ እነርሱ ደግሞ የእጃቸው ሥራ ማንን እንደሚጐዳ ጠየቁ። ነገ ከዚህ ግቢ ስንወጣ ሁለቱም ጥያቄዎች ያስፈልጉናል።